ሽቦ ያለው ድንጋይ

አምቦ፣ ኅዳር 2011 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

የጎጆ ከተማ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ገብሱስ ታጨደ? እህትህ ቤት እጅህን አጣጥፈህ እንደማትቀመጥ አውቃለሁ፤ እስካሁን አጥሯን ሁሉ አድሰህላት ይሆናል። ስደውልልህ አታነሳም። እማዬ «ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው» ትላለች። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከጎጆ ድንች የሚያመጡት ነጋዴዎች እዚያው ሆነው ሲደውሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ይሄን ወረቀት በጎጆው አባዱላ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ፤ እጅህ ላይ ሳያኖር እንዳይመለስ አደራ ብዬዋለሁ።

በአማርኛ የጻፍኩልህ አንተ ፊደል የቆጠርከው በአማርኛ ስለሆነ ነው። ቁቤ ስታነብ ፊደሉን አንድ በአንድ ስትለቅም ቆይተህ መሃል ላይ ይሰለችሃል። ይሄኛውን መሃል ላይ እንድትተወው አልፈልግም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቶሌራ የላካቸውን ሽማግሌዎች ለምን መለስክ? ደጅ አቁመህ፣ ተቀመጡ እንኳ ሳትል፣ «ልጄን አልሰጥም» አልካቸው። ኦቦ አያና «ምክንያትህን ንገረንና እንሂድ» ሲሉህ «ምክንያት የለኝም» አልክ። ልጁን መስጠት የማይፈልግ ሰው እንኳ «ዘመድ ላማክር» ይላል፤ ቀን ይቀጥራል፤ በቀጠሮ ያደክማል። አንተ፣ አምቦ መናኸሪያ በጨዋነቱ ስሙ የሚጠራው ባይሳ፣ እንደ ለማኝ ሸኘሃቸው። በማግስቱ ደግሞ ገብስ ላሳጭድ ብለህ ጎጆ ወጣህ። እኔ ሳለቅስ እማዬ ትሰማኛለች፤ አንተ ግን የለህም።

ተጠራጣሪ ነሽ ትለኛለህ። ከማን ወረስኩት ታዲያ? ልጅ ሆኜ ጋቢና አስቀምጠኸኝ ስትነዳ «ናኦሚ፣ መንገድ ላይ ማንንም አትመኚ። ከፊትሽ ያለው ተኝቷል፣ ከኋላሽ ያለው ሰክሯል ብለሽ ያዢው» ያልከኝ ማን ነው? ሹፌር ባልሆንም ምክርህን አልጣልኩትም። ሰኞ ወደ ጊንጪ ለማስተማር ስሄድ፣ ዓርብ ወደ አምቦ ስመለስ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ እጁን ነው የምጠብቀው። ስልክ ሲያነሳ አየዋለሁ፣ ኩርባ ላይ ሊደርብ ሲል አስለዋለሁ። አሁን አሁን ሹፌሮቹ እኔን ሲያዩ «ትራፊኳ መጣች» ይባባላሉ አሉ።

እናም አንተንም እንደዚያው ከጀርባ ሆኜ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት። ይሄን ስትሰማ ትቆጣ ይሆናል። ተቆጣ፣ ግን አንብበው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሃይማኖት ነው። እኛ ጴንጤ፣ እነ ቶሌራ ኦርቶዶክስ። ግን ጎጆ ያለችው እህትህ ያገባችው ማንን ነው? ሠርጓ ላይ ከሁሉም በላይ የጨፈርከው አንተ አልነበርክም? ይሄ አይሆንም ብዬ ተውኩት። ቀጥዬ ቶሌራን ጠረጠርኩት። አባቴ አንድ ነገር ሰምቶበት ነው፣ ሌላ ሴት አለችው፣ ወይ ልጅ አለው ብዬ የሚሠራበት ግብርና ቢሮ ድረስ ሄጄ የሥራ ባልደረቦቹን አውጣጣኋቸው። ምስኪን፣ ያገኘሁበት ነገር ቢኖር ምሳውን ለሰው አካፍሎ እሱ ጦሙን እንደሚውል ብቻ ነው። በመጨረሻ ጥርጣሬዬ ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ መጥቶ ቆመ።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ አብረን ስንመለስ የሆነውን አስታውስ። ያ ሹፌር በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ ሲከንፍ፣ መንገድ ዳር የቆሙ እናት ላይ ጭቃ ረጭቶ ሲስቅ፣ አንተ ዝም አልክ። አዲስ ዓለምን እንዳለፍን ግን አስፋልቱ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጦ አየህ። የተበላሸ መኪና ጎማው ሥር አድርጎት፣ ሲጠገን ጥሎት የሄደ ነው። በእኛ መንገድ ይሄ ብርቅ አይደለም። ድንጋይ ጎማ ሥር ለማስገባት የሚወርድ ሞልቷል፤ ለማንሳት የሚወርድ ነው የጠፋው። አንተ «አቁም!» ብለህ ስትጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ።

ሹፌሩ «አባባ፣ መንገድ ሥራ ቀጥሮዎት ነው እንዴ?» አለህ።

አንተ ዝናቡ እየመታህ ወርደህ ድንጋዩን እያንከባለልክ ቦዩ ውስጥ ከተትከው። ስትመለስ ተሳፋሪው ሁሉ መረቀህ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ አባት ስላለሽ ደስ ይበልሽ» አሉኝ። እኔ ግን ፊትህን እያየሁ ነበር። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ፊት አልነበረም። ዕቃ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። ጊንጪ ልንገባ ስንል ያለችው ኩርባ ጋ ስንደርስ ደግሞ ቆብህን አውልቀህ ፊትህን ወደ ማዶ አዞርክ። እዚያች ኩርባ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለህ። መቶ ጊዜ አይቼ እንቅልፍ ይዞት ነው እያልኩ አልፌዋለሁ።

ደግሞ የዓይንህ ነገር አለ። «ዓይኔ ደክሟል» ብለህ ነው አይሱዙውን የሸጥከው። ሰው ሁሉ አዘነልህ። ግን በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ከማዶ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ታርጋ ታነባለህ! «ያ ሲኖትራክ ዛሬም ያለፍሬቻ ታጠፈ፣ ታርጋውን ይዤዋለሁ» እያልክ እማዬን ታደነቁራታለህ። ይሄ ምን ዓይነት የደከመ ዓይን ነው? ስጠይቅህ ትስቃለህ፤ ሳቅህ ግን ቶሎ ያልቃል።

ከሁሉም በላይ ድንጋዮችህ። «ጥማዶቼ» የምትላቸው። ወንጪ የሚኖር ጓደኛህ ቤት ሰንብተህ፣ ጥቁር ድንጋይ መርጠህ፣ በመሮ ጠርበህ፣ በስተህ ሽቦ ያስገባህባቸው፣ መኪና ሲቆም ጎማ ሥር የምታደርጋቸው ሁለቱ ታኮዎች። ከጋቢናው ጀርባ ተንጠልጥለው ሲጋጩ ከሩቅ አባዬ መጣ እል ነበር። መናኸሪያ ላይ ለሹፌሮቹ «ሰው ከመንገድ ዳር ድንጋይ ያነሳል፣ ጥሎት ይሄዳል። እኔ ድንጋዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ» እያልክ ስትኮራባቸው አስታውሳለሁ። ዛሬ አንዱ እማዬ በርሜል ሥር ነው። ሌላውስ? «ተሰረቀ» አልከን። አባዬ፣ አምቦ ላይ ማን ድንጋይ ይሰርቃል? ጎማውን፣ ባትሪውን፣ ሸራውን ትቶ ድንጋይ ይዞ የሮጠ ሌባ አለ? ያኔ ስቀን አለፍነው። እኔም ስቄ ነበር።

አሁን ወደ እንቁጣጣሹ ልምጣ። ቶሌራን ምሳ የጠራሁት ዕለት እንዴት ወደድከው! «መንጃ ፈቃድ አለህ?» አልከው። «የለኝም ኦቦ ባይሳ» ሲልህ «ጎሽ! ባለመንጃ ፈቃዶቹንማ እናውቃቸዋለን» ብለህ ከአንድ ሰሃን እየበላችሁ አጎረስከው። ስትስቅ ትከሻህ ይነቃነቅ ነበር። እኔ ወጥ የምጨምር መስዬ ከበሩ ሥር ቆሜ ሁለታችሁን ሳይ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር።

ከዚያ «የግብርና ባለሙያ ሁሉ ሞተር ይዞ ይከንፋል፣ አንተ በእግርህ የምትዞረው ለምንድን ነው?» አልከው።

«እናቴ ሞተር እንዳልነካ አስምላኛለች» አለህ። «ታላቅ ወንድሜ ኤጄታ በሞተር ነው የሞተው። ጊንጪ መግቢያ ኩርባዋ ላይ። አንድ መኪና ትቶት የሄደ ድንጋይ ነበር፤ ዝናብም ነበር፤ አላየውም።»

እጅህን ከሰሃኑ አነሳህ። ወደ አፍህ ልታደርሰው የነበረውን ጉርሻ መልሰህ አስቀመጥከው። «ሆዴን አመመኝ» ብለህ ወጣህ፤ ጓሮ ሄደህ ቧንቧው ሥር እጅህን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ ቆየህ። ቶሌራ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እኔም ምን እንዳጠፋ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት ቤት ውሃ እንኳ አልጠጣህም። ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም ጾም ጸሎት ይዣለሁ አልክ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ያን ሳምንት ጾም አላወጀም፤ ጠይቄያለሁ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ነው ባለፈው ረቡዕ እዚያው ጊንጪ እነ ቶሌራ ቤት የሄድኩት። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት እጮኛ ቤት እግሬን አላነሳም ብዬ ጊንጪ ስኖር አንድም ቀን ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ግን እናቱ ተዋርደዋል፣ ልጃቸው እንደ ሌባ ተመልሷል፤ ይቅርታ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ለቶሌራም አልነገርኩትም።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ሲገባና ሲወጣ በሚያየው ቦታ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ጠርዙ የተጠረበ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ውስጥ የተገመደ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ዝጓል።

አባዬ፣ ያን ሽቦ የገመደውን እጅ አውቀዋለሁ። ጫፉን ሁለቴ አጥፎ ወደ ውስጥ የሚቀብረው እጅ እንዳይወጋ ብሎ ነው። የጓሯችንን የልብስ ማስጫ ሽቦ የሚያስረው በዚያው እጅ ነው።

የቶሌራ እናት አዴ ጉዴ በሩ ላይ ደርቄ ሲያገኙኝ አፍሬ መስሏቸው «ኮቱ ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ ግቢ። አባትሽ ቢቆጣ እኔ ምን አደርግሻለሁ?» አሉኝ። እጄን ይዘው አስገቡኝ። አንድም ቅያሜ አልነገሩኝም። «አባት ነው፣ ልጁ ናት፤ ያየው ነገር ቢኖር ነው» ብቻ አሉ። እኔ ግን ዓይኔ ከበሩ አልነቀል አለ።

«አዴ፣ ያ ድንጋይ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እሱ ነው ኤጄታን የገደለው።»

«ለምን አልጣላችሁትም?»

«ሁሉም ጣይው ይለኛል። ግን እየው፣ ሽቦ አለው። ይሄ የሜዳ ድንጋይ አይደለም፤ የሰው ድንጋይ ነው። ባለቤት አለው። ባለቤቱ መጥቶ ያንሳው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ቢመጣ ምን ይሉታል?»

እርግማን የሚያወርዱበት መስሎኝ ነበር። «ምን አስቸኮለህ ብዬ ልጠይቀው ነው» አሉኝ። «ሌላ ነገር የለኝም። አራት ዓመት አለፈው፤ የሐምሌ ገብርኤል ቅዳሜ ነበር፤ ልጄ ከንግሥ ሲመለስ ነው። እኔ እርጥብ ልብሱን የሚቀይርበት አዘጋጅቼ ስጠብቅ። ያ ሰውዬ ያን ቀን ምን አስቸኮለው? ይሄን ብቻ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

እኛ ቤት የታቦት ቀን አይቆጠርም። ይሄን ገብርኤል ግን አውቀዋለሁ። ጓደኛዬ ፀዳለ ማለዳ ንግሥ ሄዳ፣ ነጠላዋን በጋወን ቀይራ እየሮጠች የደረሰችበት ቀን ነው። በ2006 ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ እዚሁ አምቦ የተመረቅሁበት ቀን።

አንተ ያን ዕለት ከአዲስ አበባ ጭነት ይዘህ እየመጣህ ነበር። ዘገየህ። ስሜ ተጠርቶ፣ መድረክ ወጥቼ ወርጄ፣ ሰዉ መበተን ሲጀምር ነው በሸሚዝህ እጅጌ ላይ ግሪስ ይዘህ የደረስከው። «ዳገቱ ላይ ፍሬን ያዘብኝ፣ ቆሜ ነበር» አልከኝ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሄጄ ደግሜ አየሁት። እኔ እስቃለሁ፣ እማዬ አበባ ይዛለች፣ አንተ ካሜራውን አታይም። ወደ መንገዱ ነው የምታየው።

ምን እንደሆነ አላየሁም፤ የማውቀው የለም፤ የምጠረጥረው ግን ይሄ ነው። ኩርባዋ ላይ ፍሬኑ ይዞብህ ቆምክ፤ ጥማዶችህን ጎማ ሥር አደረግህ። ጠገንከው። ከኋላህ የተደረደረው መኪና ክላክሱን ይነፋል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ረጅም መብራት ያበራብሃል፤ አንተ ደግሞ የልጅህ ምረቃ እያለፈብህ ነው። አንዱን አነሳህ፤ ሁለተኛውን ሳታነሳ ተንቀሳቀስክ። ትንሽ እንደሄድክ ትዝ አለህ። አባዬ፣ ትዝ እንዳለህ አልጠራጠርም፤ አንድ ድንጋይ ብቻውን ከጀርባህ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ አንተ ያን ድምፅ ሳትሰማ ጊንጪን ማለፍ አትችልም። ግን «ሌላው ያነሳዋል» አልክ። ልክ ስትሰድባቸው እንደኖርካቸው ሹፌሮች አልክ። ከዚያ ማታውኑ ወይ በማግስቱ መናኸሪያ ላይ አንድ ወጣት በሞተር ሞተ ሲባል ሰማህ፤ ከዚያ ዓይንህ ደከመ።

ተሳስቼ ከሆነ ንገረኝና እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ምናልባት «የተሰረቀው ድንጋዬ ጊንጪ ደርሶ ይሆናል» ትለኝ ይሆናል። አትበለኝ። እማዬን በዚህ አታለልክ፤ እኔን አትችልም።

ሽማግሌዎቹን ለምን እንደመለስክ አሁን ገብቶኛል። በመካከላቸው ደም ያለ ቤቶች፣ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ሳይወጣ፣ ከአንድ ገበታ አይበሉም፤ ልጅም አይሰጣጡም። ስለዚህ ነው እጅህን ከሰሃኑ ያነሳኸው። ደም ላይ ልትድረኝ አልፈለግህም፤ ለዚህስ አመሰግንሃለሁ። ግን አፍህን ከመክፈት ይልቅ የእኔን ትዳር ማፍረስ ቀለለህ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ድንጋዩንስ ረስተኸው ነው፣ ቸኩለህ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ግን ዓይናቸውን እያየህ ነው የመለስካቸው።

አዴ ጉዴ «ምን አስቸኮለው?» ሲሉ መልሱ እኔ እንደሆንኩ ሳውቅ ከወንበሩ ተነሳሁ። ውሃ ሰጡኝ። ልጠጣው አልቻልኩም፤ ጾም ይዣለሁ አልኳቸው። አየህ፣ ያንተው ልጅ ነኝ፤ ውሸቱም አንድ ነው።

ለቶሌራ አልነገርኩትም። የምነግረውም እኔ አይደለሁም። ሆዴ ውስጥ ይሄን ይዤ አላገባውም፤ ምክንያት ሳልሰጠው ደግሞ አልለየውም፤ ያንን ከአንተ አይቼ ጠልቼዋለሁ። እናቱ ቢያዝኑ ያዝኑ፤ ጉማውም ወጥቶ ቶሌራ «ዓይንሽን ማየት አልችልም» ቢለኝ ይበለኝ። ይሄን አስቤዋለሁ፤ ፈርቻለሁም። ቢሆንም እኒያ ሴትዮ በየቀኑ በዚያ በር ሲወጡና ሲገቡ ያንን ድንጋይ እያዩ፣ እኔ አውቄ ዝም ልላቸው አልችልም።

ኦቦ አያናን ትናንት አገኘኋቸው። ነገሩን አልነገርኳቸውም። «አባቴ ጊንጪ ሽማግሌ ልላክ ቢልዎት ይሄዱለታል?» ብቻ አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ። «መልሶኝ ነበር፤ ቢሆንም እሱ ራሱ ጉዳዩን ከነገረኝ እሄድለታለሁ» አሉኝ። ሽማግሌ መልሰህ ነበር፤ አሁን ሽማግሌ የምትልከው አንተ ነህ።

በርሜሉን ባዶ አድርጌ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አውጥቼ አጥቤዋለሁ። እማዬ «ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ፤ «አባዬ ይፈልገዋል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ባለፈች ቁጥር ታየዋለች። እሷም ጠርጥራ ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ የጎጆው አባዱላ አምቦ ሲገባ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ካልወረድክ ድንጋዩን ተሸክሜ ጊንጪ የምሄደው እኔ ነኝ፤ አዴ ጉዴ በር ላይ ካለው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ ማንም ሳይነግራቸው ጥማድ እንደሆነ ያዩታል። ግን እንድትወርድ ነው የምጸልየው። እስከ ጊንጪ አብሬህ እሄዳለሁ፤ በሩን ስታልፍ እጅህን እይዝሃለሁ። «ምን አስቸኮለህ?» ሲሉህ «ልጄ» ብለህ በእኔ አታሳብብ፤ ትዝ ብሎህ እንዳልተመለስክ እውነቱን ንገራቸው።

የሰው ድንጋይ ስታነሳ አራት ዓመት ሆነህ፤ ያንተ ግን ከዚያ በር አልተነሳም፤ አባዬ፣ ና አንሳው።

ልጅህ፣ አሁንም የምወድህ፣
ናኦሚ ባይሳ